የተቆለፈው የኮምፒውተር ክፍል፦ ከጣና ዳር የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

በሰኔ 2010 የአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ባሕር ዳር ወደማስተምርበት ኮሌጅ መጡ። «ከውጭ የተላኩልን ኮምፒውተሮች ስለተበላሹ መጥተው ይዩልን» አሉኝ። የማስተምረው የኮምፒውተር ጥገና ነው። መፍቻዎቼን፣ ብሩሼንና ሁለት መለዋወጫ ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠው ክፍል) ይዤ በማግስቱ ጀልባ ተሳፈርኩ። ቀኑን ሙሉ አንድ በአንድ ከፈትኩ፣ አጸዳሁ፣ አበራሁ። ከ24ቱ ኮምፒውተሮች 19ኙ ምንም አልሆኑም ነበር። ከምርቃቱ ወዲህ ባሉት ሰባት ወራት ግን ክፍሉ ለተማሪ የተከፈተው አራት ቀን ብቻ ነው።

መሣሪያው አለ። መብራቱም ቢቆራረጥ አለ። ልጆቹ አሉ፣ መምህርም ተመድቧል። ታዲያ የከለከለው ማን ነው? መልሱን ለማግኘት ግማሽ ዓመት ፈጀብኝ፤ ሲገኝም በሙያዬ ውስጥ አልነበረም። ስለ ዲጂታል ክፍፍል፣ ማለትም ቴክኖሎጂ በደረሰውና ባልደረሰው መካከል ስላለው ልዩነት፣ ሲወራ የሚቆጠረው ገመድ፣ ማማና ማሽን ነው። እዚህ ቦታ በልጆቹና በኮምፒውተሮቹ መካከል የቆመው አንድ ጓጉንቸር ቁልፍና ሞዴል 22 የሚባል ወረቀት ነበር።

ሰዎቹን፣ ትምህርት ቤቱንና ለጋሹን በስም አልጠራም። እ.ኤ.አ. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ቦታው

ትምህርት ቤቱ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ የሚል የሐይቅ ዳር ቀበሌ ውስጥ ነው። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያስተምራል። ወላጆቹ ቡናና ጌሾ ያላቸው ገበሬዎች፣ ዓሣ አጥማጆችና ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ጠዋት ከጀልባ ሲወረድ መጀመሪያ የሚታየው ውኃ ጠጥተው የከበዱ ታንኳዎች እንዲደርቁ ዛፍ ተደግፈው ቆመው ነው።

የመብራት መስመር ገብቷል፤ ይሄዳል፣ ይመጣል። ከዚሁ ሐይቅ የሚወጣው ዓባይ ጢስ ዓባይ ላይ ተርባይን ማዞር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 መሆኑን እያሰብኩ በሻማ ኮምፒውተር የፈታሁበት ቀን አለ። የስልክ ምልክት ከትምህርት ቤቱ ኮረብታ ላይ ጥሩ ነው፤ ወደ ውኃው ሲወረድ ይጠፋል።

ዕቃው የመጣበት መንገድ

ለድሃ አገር መሣሪያ መላክ የቆየ ሐሳብ ነው። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የተቋቋመውና በሰብሳቢው ስም የሜይትላንድ ኮሚሽን የሚባለው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ዘገባ፣ በመላው አፍሪካ ካለው ስልክ ይልቅ ቶኪዮ ብቻዋን ያላት እንደሚበልጥ አስፍሮ ነበር። ያስቀመጠው ግብ በ21ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የሰው ልጅ ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ በአቅራቢያው ስልክ እንዲያገኝ ነው። ስልኩ መዳረስ ሲጀምር ጥያቄው ወደ ኢንተርኔት ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2003 ጄኔቫ፣ በ2005 ደግሞ ቱኒስ ላይ የመረጃ ኅብረተሰብ የዓለም ጉባኤ ተካሄደ። የጄኔቫው የድርጊት መርሐ ግብር መንደሮች፣ ትምህርት ቤቶች፣ ቤተ መጻሕፍትና የጤና ተቋማት እስከ እ.ኤ.አ. 2015 እንዲገናኙ ጠየቀ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ግን ያኔም አልተፈታም። በሴኔጋሉ ፕሬዚዳንት አብዱላይ ዋድ ጠያቂነት እ.ኤ.አ. በ2005 የዲጂታል አጋርነት ፈንድ ተቋቋመ። ሐሳቡ ለመንግሥት ተቋማት የቴክኖሎጂ ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት ከውሉ አንድ በመቶ እንዲያዋጣ ነበር። የታሰበው ገንዘብ አልመጣም፤ ፈንዱም ዕድሜ አላገኘም። በዚያው ዓመት የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ለእያንዳንዱ ልጅ የ100 ዶላር ላፕቶፕ አሠራለሁ ብሎ ዓለምን አስጨበጨበ። ላፕቶፑ ተሠርቶ ሲወጣ ዋጋው ወደ 200 ዶላር ተጠግቶ ነበር፤ ኢትዮጵያም ጥቂት ሺህ ደርሷታል። በብዛት የገዛችው ፔሩ ውስጥ የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ያስጠናው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ የታየ ለውጥ አላገኘም።

እኛም የራሳችን አለን። በ1997 አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበረ ሰው ፕላዝማውን አይረሳም። ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት እየመጣ በእንግሊዝኛ ይወርዳል፤ ማስታወሻ ሳንጨርስ ያልፋል፤ መምህሩም ከእኛ ጋር ቁጭ ብሎ ያያል። መብራት ከሄደ የዚያ ቀን ትምህርት ሄደ ማለት ነው።

በእኛ ጉዳይ ለጋሹ ከዚህ ሁሉ ትንሹ ነው፤ ውጭ አገር ያለ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር። ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ከቢሮዎች ሰብስቦ፣ አጽድቶ፣ በኮንቴይነር በጅቡቲ በኩል ላከ። ሰዎቹ ቅን ናቸው። የላኩት ዝርዝር ከነኪቦርዱና ከነማውዙ አንድም ሳይጎድል ደርሷል። በኋላ ያሳተሙት ሪፖርት አንድ ትምህርት ቤት 24 ኮምፒውተር አግኝቷል ይላል፤ ከጎኑ ፈገግ ያሉ ልጆች ፎቶ አለው። በሪፖርቱ ውስጥ አንድም ሐሰት የለም።

ምርቃቱ

ኅዳር 2010 ላይ ሪባን ተቆረጠ፣ ዳቦ ተቆረሰ። እንግዶቹ ቆመው እያዩ ሁለት ኮምፒውተሮች ሲከፈቱ ጧ ብለው ጨሱ።

በሰኔ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት እነዚህን ሁለቱን ነው። ከሲፒዩው ጀርባ ተንበርክኬ አቧራውን ስጠርግ፣ ከኤሌክትሪክ ገመዱ መሰኪያ አጠገብ ጥፍር የምታክል ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ ወጣች። «115» ትላለች። የመጡበት አገር የሚጠቀመው እሱን ነው፤ የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። በጥፍሬ ወደ 230 ብትገፋ ኖሮ አይጨሱም ነበር። ቀሪዎቹ ያልጨሱት ቮልቱን ራሱ የሚያውቅ አዲስ ፓወር ሰፕላይ ስላላቸው ነው። ለማንም አልተነገረም፣ ማንም አልጠየቀም፤ ሁለቱን ፓወር ሰፕላይ ቀየርኩና ተነሱ። ሌሎቹ ሦስት ግን አልዳኑም፤ አንዱ ስክሪኑ በጉዞ ተሰብሯል፣ ሁለቱ ደግሞ ሚሞሪ የላቸውም። የተጫነባቸው ዊንዶውስ ኤክስፒም ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2014 ድጋፍ ያቆመለት ስለነበር በሁሉም ላይ ነፃውን ሊኑክስ ጫንኩ።

የዚያ ቀን ጢስ ያደረሰው ጉዳት ግን ከሁለት ፓወር ሰፕላይ ይበልጣል። የአይሲቲ መምህሩ ከዚያ ቀን በኋላ ማብሪያውን በፈራ እጅ ነበር የሚነካው።

ጥገናው ያልለወጠው ነገር

21 የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ትቼ ወደ ባሕር ዳር ተመለስኩ። ሥራዬን የጨረስኩ መስሎኛል። በጥቅምት 2011 ለሌላ ጉዳይ ስመለስ ክፍሉ እንደተቆለፈ ነው። በመስኮት ሳይ ሰኔ ላይ ያለበስኳቸው ጨርቅ እንኳ አልተነሳም። ሸረሪት ከማውዝ ወደ ማውዝ ድሩን ዘርግታለች፤ በዚያ ክፍል ኔትወርክ የዘረጋችው እሷ ብቻ ናት።

ርዕሰ መምህሩ ጥፋቱን በኢንተርኔት እጦት አሳበቡ። እኔም አመንኩ። የወላጅ መምህር ኅብረቱ ትንሽ አዋጣ፣ እኔ ጨመርኩበት፣ ሞደም ከሲም ካርድ ጋር ተገዛ፣ የአንድ ወር ዳታ ተሞላ። በሦስተኛው ቀን አለቀ። የበላው ተማሪ አልነበረም። ሞደሙ ዋይፋይ ስለሚረጭ የመምህራኑ ስልኮች ግቢ ሲገቡ በራሳቸው ተገናኝተው ፕሮግራሞቻቸውን ሲያድሱ ከርመዋል። ማንም የሰረቀ የለም፤ ስልኩ ኪስ ውስጥ ሆኖ ነው የጨረሰው። የተባበሩት መንግሥታት የብሮድባንድ (የፈጣን ኢንተርኔት) ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ለመሠረታዊ ኢንተርኔት ያስቀመጠው ግብ ዋጋው ከአንድ ሰው ወርኃዊ ገቢ ከሁለት በመቶ በታች እንዲሆን ነው። ትምህርት ቤት ገቢ የለውም፤ የሥራ ማስኬጃ በጀቱም ጠመኔ ላይ ያልቃል። ሁለተኛ ወር አልተሞላም።

ስለዚህ ኢንተርኔት የማይፈልግ መንገድ ያዝኩ። ራስፕቤሪ ፓይ የምትባል የእጅ መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር አለች፤ የምትፈልገው ኃይል ጥቂት ዋት ነው። ኪዊክስ በተባለ ነፃ ፕሮግራም የአማርኛ ውክፔዲያን በሙሉ፣ ከእንግሊዝኛው የተመረጠ ክፍል፣ የተማሪ መማሪያ መጻሕፍትና የሳይንስ ቪዲዮዎች ጫንኩባት። አንድ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳና ባትሪ ይበቃታል። ዋይፋይ ትረጫለች፤ የተገናኘ ኮምፒውተርም ስልክም ያለ አንድ ሳንቲም ዳታ ያነባል። በቆርቆሮ የስኳር ጣሳ ውስጥ ባስገባት ምልክቱን ያፍነዋል ብዬ በእንጨት ሳጥን አሠራኋት። ልጆቹ ከዚያ በኋላ «ሳጥኑ» ነው የሚሏት።

ሳጥኗን ይዤ ስሄድ ነው የጉዳዩ ልብ የተገለጠው። የአይሲቲ መምህሩ በሁለት እጄ ስሰጠው በአንድ እጁም አልተቀበለኝም።

«ሞዴል 19 ያልተቆረጠለት ዕቃ አልረከብም፣ መምህር» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ቢቆረጥለትም አልፈልግም» ሲል ጨመረ።

ሞዴል 22

ለማያውቅ አንባቢ፦ የመንግሥት ንብረት ግምጃ ቤት ሲገባ ሞዴል 19፣ ወጥቶ ለተጠቃሚ ሲሰጥ ሞዴል 22 ይቆረጣል። ሞዴል 22 ላይ የፈረመ ሰው ዕቃው ቢጎድል ከኪሱ ይከፍላል። ሕጉ ክፉ አይደለም። ያለ እሱ የትምህርት ቤት ወንበር በዓመቱ የት እንደሚገኝ ሁላችንም እናውቃለን።

24ቱ ኮምፒውተሮች ሲመጡ ዋጋ የሚገልጽ ወረቀት አልነበራቸውም። የተመደበው ኮሚቴ ገበያ ላይ አዲስ ኮምፒውተር ስንት እንደሆነ ጠይቆ እያንዳንዱን 12 ሺህ ብር ገመተ። ጠቅላላው 288 ሺህ ብር ሆነ፤ በአንድ ወጣት መምህር ስም ተፈረመ። ያኔ እጁ ላይ የሚደርሰው ደሞዝ በወር 3 ሺህ ብር ግድም ነበር። ስምንት ዓመት ምግብ ሳይበላ ቢከፍል ነው የሚጨርሰው። በዚያ ላይ ባለቤቱ ሌላ ዞን ስለምትሠራ ዝውውር ጠይቋል፤ ዝውውር ያለ ክሊራንስ፣ የንብረት ዕዳ የለበትም ከሚል ወረቀት ውጭ፣ የለም፤ አንድ ማውዝ ቢጎድል ክሊራንስ የለም።

ስለዚህ ቆለፈ። እኔ ብሆን ኖሮ ሁለት ቁልፍ ነበር የምገዛው።

ያን ሁሉ ጊዜ ሰው ሁሉ ስለ መብራት፣ ስለ ኢንተርኔት፣ ስለ ብልሽት ያወራው እውነቱን መናገር ስለሚያሳፍር ይመስለኛል። «ዕዳ ፈርቼ ልጆቹን ከለከልኩ» ማለት ቀላል አይደለም። ብልሽት ግን ማንንም አያስወቅስም፤ ሩቅ ካለ ባለሙያ ዘንድም ያስልካል።

ከርዕሰ መምህሩ ጋር ወደ ወረዳው ንብረት ክፍል ሄድን። የክፍሉ ኃላፊ ብዙ ዓመት ያገለገሉ ሴት ናቸው። ሁሉም እትዬ እያለ በአክብሮት ይጠራቸዋል። ጉዳዩን ስናስረዳ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው፣ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ፤ ልጁ እኮ ልክ ነው» አሉ። ለመከራከር ተዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት፤ ግን ጠረጴዛቸውን ከፍተው መመሪያ አወጡና እኛ ያላሰብናቸውን ሦስት ነገሮች ነገሩን።

አንደኛው ግምቱ ነው። ዕቃው ያገለገለ ሆኖ ሳለ በአዲስ ዋጋ መመዝገቡ ስሕተት ነው፤ ኮሚቴው በቃለ ጉባኤ ያርመው አሉ። ታርሞ እያንዳንዱ 1 ሺህ 500 ብር ሆነ። ሁለተኛው፣ ኪቦርድ፣ ማውዝና የጆሮ ማዳመጫ ለምን ቋሚ ንብረት ሆነ? እንደ ጠመኔና እንደ መጥረጊያ አላቂ ዕቃ ተብሎ ይመዝገብ፤ ያረጀውንና የተሰበረውን እያስረከቡ ማወራረድ ይቻላል። ሦስተኛው፣ 24ቱ በአንድ ሰው ስም መሆናቸውን ማን ደነገገ? በሦስት መምህራን ስም ተከፋፈለ። ሳጥኗም ሞዴል 19 ተቆረጠላት፤ ግምት 2 ሺህ ብር።

ይህ ሁሉ ሁለት ሳምንት አልፈጀም። ዓለም አቀፍ ጉባኤም፣ ዕርዳታም፣ ቴክኒሻንም አላስፈለገውም። ያስፈለገው መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር ያነበበች አንዲት ሴት ናት፤ እሷን ደግሞ እስከዚያ ቀን የጠየቃት አልነበረም።

በሩ ሲከፈት

ከታኅሣሥ 2011 ጀምሮ ክፍሉ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ተከፈተ። በሩ ላይ አንድ መዝገብ ተንጠለጠለ፤ የተከፈተበትና የተዘጋበት ሰዓት፣ የገባው ወንድና ሴት ብዛት ይጻፍበታል። በዚህ ጥናት ከሠራናቸው ነገሮች ሁሉ ርካሹ ይህ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ነው፤ በኋላ የምናገረውን ሁሉ የማውቀውም ከሱ ነው።

ልጆቹ መጀመሪያ የፈለጉት የራሳቸውን ቀበሌ ነው። አማርኛ ውክፔዲያ ውስጥ የለም። ዛሬም የአማርኛው ክምችት 15 ሺህ ጽሑፍ አካባቢ ነው፤ እንግሊዝኛው ከስድስት ሚሊዮን ይበልጣል። የአማርኛ መምህሯ ከዚህ ተነስታ «እንግዲያው ጻፉት» አለች። በየሳምንቱ አንድ ገጽ፣ መጀመሪያ በደብተር፣ እሷ አርማ ስትመልስ በኮምፒውተር።

መጻፉ ራሱ ትምህርት ነበር። ኪቦርዱ ላይ ያለው የላቲን ፊደል ስለሆነ «ጣና» ለማለት በእንግሊዝኛ ትልቁን ቲ መንካት ያስፈልጋል፤ ትንሿ ቲ «ታና» ትሰጣለች። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ አምስት ጊዜ «ታና» ብላ አምስት ጊዜ አጠፋች። በስድስተኛው ፊደሉን ትልቅ የሚያደርገውን ቁልፍ በግራ ጣቷ ተጭና ስትይዝ «ጣ» ሲመጣ ዞራ አየችኝ፤ ምንም አላለችም፣ ወደ ስክሪኑ ተመለሰችና «ና»ን ጨመረች። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት ኮድ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ኮድ ስለነበረው በአንዱ የተጻፈ በሌላው ላይ የጉንዳን ሰልፍ ይሆናል። የመምህራኑ የቆዩ የፈተና ፋይሎች አብዛኞቹ እንደዚያ ሆነው ነው የተገኙት፤ ስምንተኛ ክፍሎች እንደገና ተየቧቸው። ከመዝገቡ እንደሚታየው በሳጥኗ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የተፈለገው ይኸው የቆየ ፈተና ክምችት ነው። የእንግሊዝኛ ቪዲዮዎቹን ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ የከፈተ አልነበረም።

ከተጻፉት ገጾች የወደድኩት ስለ ታንኳ አሠራር የሚናገረው ነው። ደንገል መቼ እንደሚታጨድ፣ ስንት ቀን እንደሚደርቅ፣ በምን እንደሚታሰር፤ የልጁ አያት የነገሩት ነው። ስለ አምባዛና ስለ ቀረሶ ዓሣ፣ ሐይቁን ስለወረረው እምቦጭም ጽፈዋል።

ግንቦት ላይ በሳጥኗ ውስጥ የተቀመጠው ይህ ሁሉ ጠፋ። መብራቱ በተደጋጋሚ ሄዶ ሲመለስ የሳጥኗ ሚሞሪ ካርድ ተበላሸ። ሳጥኗን ከባትሪው ነቅለው ከግድግዳው ሶኬት ጋር አገናኝተዋት ነበር፤ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ እመጣበታለሁ። ውክፔዲያውን መልሼ መጫን እችላለሁ። የልጆቹን ገጾች ግን ቅጂ አላስቀመጥኩም። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ ቅጂ አስቀምጡ እያልኩ ዜሮ የምሰጥበት ስሕተት ነው። የታደገን ደብተራቸው ነው። የአማርኛ መምህሯ መጀመሪያ በወረቀት ይጻፍ ያለችው እኔ ለኮምፒውተሩ ካደረግሁት ጥንቃቄ ሁሉ በለጠ፤ ከገጾቹ አብዛኞቹ ከደብተር ተመልሰው ተጻፉ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ በፍላሽ ይገለበጣል፤ ፍላሹም አላቂ ዕቃ ነው።

ያልሠራውና በስሕተት የሠራው

ባትሪው የተነቀለበት ምክንያት የጥበቃ ሠራተኛው ነው። ማታ ማታ የመንደሩን ሰው ስልክ በሦስት ሦስት ብር ይሞሉ ነበር። ስሰማ ተቆጣሁ፤ ይባረሩ አልኩ። የወላጅ መምህር ኅብረቱ ሰብሳቢ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ገበሬ፣ አዳምጠውኝ ሲያበቁ «ሰውዬው ገበያ አገኙ እንጂ ምን አጠፉ?» አሉ። ዋጋው ሦስት ብር እንደሆነ ቀረ፣ ደረሰኝ ተዘጋጀለት፣ ለጥበቃው ድርሻ ተሰጣቸው፣ ሳጥኗ የራሷ ትንሽ ባትሪ ተገዛላት። ዋናው ባትሪ ሲደክም የተተካው በዚሁ ገንዘብ ነው። ከለጋሽም ከመንግሥትም ሳንቲም አልተጠየቀም። የመጀመሪያ ሐሳቤ ቢፈጸም ኖሮ ክፍሉ በ2012 ጨለማ ይውጠው ነበር።

ለዓሣ አጥማጆች የገበያ ዋጋ መረጃ ለመስጠት ያቀድነው ፈጽሞ አልሆነም። ይህ ሐሳብ የመጣልኝ ከልማት ጽሑፎች ነው። ሁለት ቅዳሜ ጠብቀን አንድም ሰው አልመጣም። አንዱን አጥማጅ ስጠይቀው ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ፤ ባሕር ዳር ካሉ ሦስት ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ጋር ገና መረቡን ሳይስብ ይደዋወላል። ከእኛ ቀድሞ ነበር።

የሴት ተማሪዎች ቁጥር ዝቅተኛ ነበር። በመዝገቡ የመጀመሪያ ወራት ከገቡት ሦስት አንዷ ብቻ ሴት ናት። ከሰዓት በኋላ የውኃና የእንጨት ሰዓታቸው ነው። የምሳ ሰዓት ላይ ሲከፈት ተሻሻለ፤ እኩል ግን አልሆነም። ይህን የፈታ ዘዴ አላገኘሁም።

እንሽላሊት ደግሞ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ሙቀት ፍለጋ እየገባች ሁለት ኮምፒውተር አቃጥላለች። የጀርባ ቀዳዳዎቹን በወንፊት ሽቦ ሸፈንን።

መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ሳጥኗ በመንገድ በኩል ወዳለው መስኮት ተዛወረች። ስልክ ያለው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ መጽሐፍ ያወርዳል። ስልክ ያላቸው ጥቂት ናቸው፤ ለእነሱ ጠቅሟል፤ ከዚያ በላይ አልነበረም። በ2015 መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየበት ጊዜ ደግሞ በአካባቢው የሚነበብ ነገር የነበረው በሳጥኗ ውስጥ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ማደስ ስላልተቻለ የያዘችው ሁሉ እያረጀ ሄደ፤ የተቋረጠ ኢንተርኔትን አትተካም።

ለሌላ ቦታ የሚሆን

የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረቱ ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2023 ከዓለም ሕዝብ አንድ ሦስተኛው፣ 2.6 ቢሊዮን ሰው፣ ኢንተርኔት አይጠቀምም ነበር። ከነዚህ አብዛኞቹ የሚኖሩት የሞባይል ብሮድባንድ ምልክት በሚደርስበት ቦታ ነው። ኅብረቱ ከዩኒሴፍ ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 የጀመረው ጊጋ የተባለው እንቅስቃሴ ትምህርት ቤቶችን ሁሉ ከኢንተርኔት ለማገናኘት ያለመ ነው፤ የትኛው ትምህርት ቤት እንደተገናኘም በካርታ ያሳያል። ጥሩ ነው። እኔ በዚያ ካርታ ላይ አንድ ተጨማሪ ቁጥር ባይ እወዳለሁ፦ በሩ በሳምንት ስንት ሰዓት ተከፈተ? የእኛ ትምህርት ቤት በ2011 ሞደሙ በተሞላበት ወር ካርታው ላይ ቢሆን ኖሮ፣ በሩ እንደተቆለፈ፣ ነጥቡ አረንጓዴ ይበራ ነበር።

ኮምፒውተር የሚልክ ሁሉ የያንዳንዱን ዕቃ ዕድሜና አሁን ያለውን ዋጋ የሚገልጽ ወረቀት ከዕቃው ጋር ይላክ። ለሱ የአንድ ገጽ ሥራ ነው፤ ለተረካቢው የስምንት ዓመት ደሞዝ። ቀይዋን ማብሪያም ከመጫኑ በፊት ይግፋት። የሚቀበል ትምህርት ቤት ደግሞ ኮንቴይነሩ ሳይነሳ ንብረት ክፍል ይሂድ፤ «ቢሰበር ማን ይከፍላል?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን በጽሑፍ ይያዝ። መልሱ የአንድ ሰው ስም ከሆነ ዕቃው እንደሚቆለፍ ከወዲሁ ይወቅ።

ጥገና ለሚጠራ እንደ እኔ ያለ ባለሙያም አንድ ነገር አለኝ። ተበላሽቷል የተባለ ዕቃ ደህና ሆኖ ካገኛችሁት ሥራው አላለቀም፤ ገና መጀመሩ ነው። ሰኔ 2010 ላይ ቁልፉን የያዘውን ሰው ለብቻው ወስጄ ቡና ጋብዤ ብጠይቀው ኖሮ ያን ክረምት ባላባከንኩት።

ክሊራንሱ

የአይሲቲ መምህሩ ዝውውር በ2014 ክረምት ተፈቀደለት። ክሊራንስ የጠየቀ ዕለት እኔም ለሳጥኗ ባትሪ ሄጄ ነበርና አብሬው ወረዳ ሄድኩ። የንብረት ክፍሏ ኃላፊ መዝገቡን ገልጠው በጣታቸው ከላይ ወደ ታች ወረዱ። ቋሚ ንብረት በስሙ ስምንት ኮምፒውተር፣ ስምንቱንም ተተኪው ተረክቧል። ከዚያ አላቂውን አገላበጡ፣ ብዕራቸውን አነሱና የክሊራንሱ ወረቀት ላይ ጻፉ፦ «የጎደለ፦ ማውዝ 4፣ በአገልግሎት ያለቀ»። ፈረሙ፣ ማኅተሙን ተነፈሱበትና አተሙ፤ የሚቀጥለውን ባለጉዳይ ጠሩ።